ዕጣው ለጥሩምባ ነፊው ወጣ

ልጅ ሳለሁ ጋሽ ፈየራን በጣም እፈራቸው ነበር። መካኒሳ አቦ ያደገ ሰው ሁሉ እንደ እኔ ነው። ገና ሳይነጋ ጥሩምባቸው ከታች ሲጮህ እናቴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ውጣ ታዳምጣለች፤ እኔ ብርድ ልብሱን እስከ ዓይኔ እስባለሁ። ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ ይመጣል። «የእድራችን አባል የነበሩት…» ይልና ለአፍታ ያርፋል። ስሙ እስኪጠራ ድረስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በየቤቱ አብሮ ይጠብቃል። ሞት ከእሳቸው ጋር የሚመጣ ይመስለኝ ስለነበር መንገድ ላይ ሳያቸው ወደ ሌላኛው ጎን እሻገር ነበር።

አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ስለ እኚሁ ሰውዬ ልጽፍ ቁጭ ስል ደግሞ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ከመጀመሪያው ብጀምር ይሻላል።

ጋሽ ፈየራ ቶሌራ የተወለዱት እዚሁ ነው፤ ያኔ መካኒሳ እርሻ ነበር። አባታቸው አሁን የሚኒባሶቹ ወረፋ ባለበት አካባቢ ጤፍና ሽምብራ ይዘሩ ነበር ይላሉ። እሳቸውም በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ሞፈር ጨብጠዋል፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ቆጥረዋል። ከዚያ ከተማው እየገፋ መጣ፤ እርሻውም በየጊዜው አንድ ጥግ እያጣ በመጨረሻ ቤታቸውና ሁለት ላሞች የሚቆሙበት ግቢ ብቻ ቀረ። ግንበኛ ረዱ፣ የእንጨት መጋዘን ጠበቁ፣ ወተት አመላለሱ። በሠላሳ አራት ዓመታቸው የቀድሞው የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አረፉ። ያን ቀን የጥሩምባ ነፊውን ሞት የሚናገር ሰው ጠፋና ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ቆሞ ሲተያይ፣ አንዱ ጥሩምባውን አንስቶ ለፈየራ ሰጣቸው። «አንተ ደረትህ ሰፊ ነው» አላቸው። ይኸው ሃያ ሰባት ዓመት።

እድር ማለት እንግዲህ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ የሚቀብር፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝን የሰፈር ማኅበር ነው። የእኛ እድር ደንብ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ጥሩምባ ነፊ ወርሃዊ መዋጮ አይከፍልም፤ ስለዚህ ስሙ በአባላት መዝገብ ላይ የለም። ሥራው ላይ እስካለ ድረስ እሱም ቤተሰቡም ቢሞቱ እድሩ ይቀብራቸዋል። ሥራውን የተወ ዕለት ግን ነገሩ ያበቃል። አዲስ አባል ሆኖ እንዳይገባ የዕድሜ ጣሪያው ሃምሳ አምስት ነው፤ ጋሽ ፈየራ ስድሳ አንድ ናቸው። ስብሰባ ላይም ጥሩምባ ነፊ አይቀመጥም። በሩ አጠገብ ቆሞ ስም ይጠራል፣ ሰው ሲንጫጫ ጸጥ ያሰኛል፤ ሐሳብ ስጥ የሚለው የለም። ይህን ደንብ ማን እንደጻፈው አላውቅም፤ ባገኘው ግን አንድ ሁለት የምለው ነበረኝ።

እኔ የምሠራው ሕዝብ በጋራ ጉዳዩ ላይ እንዴት ተመካክሮ እንደሚወስን በሚያጠናና በሚያስተምር ትንሽ ተቋም ውስጥ ነው። ስድስት ሠራተኞችና አንድ ወረቀት የሚበላ ፕሪንተር አለን። ሥራውን ለእናቴ ለማስረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ «ሰው ማውራትም ይጠናል እንዴ?» ትለኛለች። ይጠናል እማዬ። በስብሰባ ላይ የሚናገሩት ሁልጊዜ እነዚያው አራት ሰዎች ናቸው፤ ሌላው እጁን አውጥቶ ይሄዳል። እኛ ግን ሰዎችን በዕጣ እንመርጣለን፣ በትንንሽ ጠረጴዛ እናስቀምጣለን፣ ሁሉም አንድ ጊዜ ሳይናገር ማንም ሁለተኛ እንዳይናገር እናደርጋለን። ከውይይቱ በፊትና በኋላ መጠይቅ እናስሞላለን። የሰው ሐሳብ በጆሮው በኩል ሲለወጥ ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም።

ባለፈው የካቲት ቦና ቀጄላ የሚባል ወጣት ለእድሩ ማመልከቻ አስገባ። ቦና ሕንፃ ላይ ፌሮ የሚያስር ሠራተኛ ነው፤ ቤተሰቡ ከመካኒሳ ወደ ለቡ ከተዛወሩት አንዱ ሲሆን እድሩን አልለቀቁም። ማመልከቻው አጭር ነበር። ጥሩምባው ይቅር፣ ሞት በስልክ መልእክት ይነገር ይላል። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ አስረስ፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እጅ አስወጥተው ሊጨርሱት አስበው ነበር። ወሬውን ከእናቴ ስሰማ ቁርሴን ትቼ ወደ ቤታቸው ሮጥኩ። አንድ እሑድ ስጡኝ፣ ሠላሳ ሰው በዕጣ ልምረጥና በደንብ ይምከሩበት፣ ውጤቱን ለጉባኤው ታቀርባላችሁ ብዬ ለመንኳቸው። አቶ አስረስ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉትና ፈቀዱ።

ዕጣ ለማውጣት የቤቶች ዝርዝር ያስፈልጋል። መዝገቡ ላይ ያለው የአባወራ ስም ብቻ ነው፤ ግማሹ ሞቷል፣ ሌላው ቤት ቀይሯል። በሮቹን ሁሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እኔም ያን የምፈራቸውን ሰውዬ ተከትዬ ሦስት ቀን ሙሉ ሰፈሬን ዞርኩት።

እነዚያ ሦስት ቀናት! ጋሽ ፈየራ በየበሩ ቆም እያሉ ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ይሄ ቤት አንዴ ሲነፋ ይከፍታል፣ ያኛው ሦስቴ ይፈልጋል። እዚያ ባልና ሚስቱ ስለተኳረፉ ለሁለቱም ለየብቻ መንገር ያስፈልጋል። እትዬ ዘነቡ ጆሯቸው ከባድ ነው፤ ስለዚህ አጥራቸው በዱላ ይመታና ውሻቸው ገብቶ ቀሚሳቸውን ይጎትታል። እኔ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ የማላውቀውን ጥናት ሰውዬው በእግራቸው ይዘውት ይዞራሉ። ወደ ለቡ የተዛወሩትንም በቃላቸው አስጻፉኝና ደብተሬ ሲሞላ ሦስት መቶ አሥራ አንድ በር ሆነ። የራሳቸውን በር ግን ዘለሉት፤ ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «እኔ እኮ ጠሪ ነኝ» አሉኝ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛ አድርጌ ራሴ ጻፍኩት።

ዕጣውን ያወጣነው በእድሩ አዳራሽ ውስጥ፣ ኮሚቴው ባለበት፣ ከእድሩ ትልቅ ድስት ነው። አሥራ ሰባተኛዋ ወረቀት ስትገለጥ «ፈየራ ቶሌራ» ትላለች። እኔ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። አቶ አስረስ ግን ወረቀቷ ትመለስ አሉ፤ ሰውየው የእድሩ አገልጋይ እንጂ አባል አይደሉም፣ በዚያ ላይ የሚነሳው ጉዳይ የራሳቸው ሥራ ስለሆነ ለራሳቸው ነው የሚሟገቱት አሉ። ጋሽ ፈየራም ከበሩ አጠገብ ሆነው ግድ የለም፣ ቆሜ እሰማለሁ አሉ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝምና ድስቱን አቅፌ ያዝኩ። አንዷ ወረቀት ከተመለሰች ሁሉም ይመለሳሉ፣ እኔም እሄዳለሁ አልኩ። ኮሚቴው በእኔና በድስቱ ሳቀ። አቶ አስረስም እጃቸውን አወናጭፈው «እንግዲህ ለጥሩምባው ሲሟገት እናያለን» አሉ።

ከዚያ ደግሞ የእኔ ጥፋት መጣ። ለተመረጡት ሠላሳ ቤቶች የጥሪ ደብዳቤ ማኅተም አድርጌበት በተንኩ፤ የመለሰልኝ አራት ሰው ብቻ ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲመጣ ሰው ቤቴ ሊፈርስ ነው ብሎ ያስባልና ግማሹ ደብዳቤውን ፍራሽ ሥር ደብቆታል። ቀኑ ደርሶብኝ ስለነበር ጋሽ ፈየራን በየቤቱ ሄደው እንዲጠሩልኝ ለመንኳቸው። ሰው ወደ ሥራ ሳይወጣ ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምሩ አልኳቸው። ማለዳ ይቅርብኝ፣ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ልሂድ ብለው ሊያስረዱኝ ጀመሩ። ጊዜ የለንም ጋሽዬ ብዬ አቋረጥኳቸው። ባርኔጣቸውን አየት አድርገው እሺ አሉ።

በማግሥቱ አንድ ሰዓት ላይ እናቴ ደወለችና ሰፈሩን ምን እንዳደረግሽው መጥተሽ እዪ አለችኝ።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ የሚያንኳኳውም እድሩ ነው። ይህን የማያውቅ የሰፈራችን ልጅ የለም፤ እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን ያን ቀን ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው መጠይቅ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው በር የገላኔ ነው፤ ልጇ ቤሩት ትሠራለች። ጋሽ ፈየራን በሯ ላይ በማለዳ ስታይ አንድ ቃል ሳይናገሩ ጮኸች። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፣ ወንዶቹ ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጠው ድንኳኑን አወጡ፣ ማን እንደሞተ ግን የጠየቀ የለም። እኔ ስደርስ ድንኳኑ ግማሹ ተተክሏል፤ ጋሽ ፈየራ መሐል ቆመው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ማንም አልሞተም፣ ማንም አልሞተም ይላሉ። የሚሰማቸው የለም።

ድንጋይ ላይ ወጣሁና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። መጀመሪያ ተቆጡኝ፤ ከዚያ ገላኔ ቤሩት ደውላ የልጇን ድምፅ ስትሰማ ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ሰው እንዲህ ተሰብስቦ አግኝቼ ዝም ልል ነው? ዕጣው ምን እንደሆነ፣ ለምን ሠላሳ እንደሆኑ፣ ማንም ቤታቸውን እንደማያፈርስባቸው እዚያው አስረዳሁ። ደብዳቤዎቹ ከየፍራሹ ሥር ወጡ። ሠላሳዎቹም እንመጣለን አሉ። የተተከለውን ድንኳን ከምናፈርሰው ብለው ወደ አዳራሹ ግቢ ወሰዱልኝ።

ሰው ሲበተን ጋሽ ፈየራን ይቅርታ ጠየቅኳቸውና፣ እንዲህ እንደሚሆን እያወቁ ለምን ጮክ ብለው አልነገሩኝም አልኳቸው።

«ሀናዬ፣ እኔ ጮክ ብዬ የምናገረው የታዘዝኩትን ብቻ ነው» አሉኝ።

ሰው እንዲደማመጥ የማስተምረው እኔ ነኝ። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሠላሳውም መጡ። አንድም አልቀረ! አምስት ጠረጴዛ በድንኳኑ ሥር ዘረጋን። ሁሉም የመጀመሪያውን መጠይቅ ሞሉ፤ ማንበብ ለሚቸገሩት እኛ አነበብንላቸው። ከጥያቄዎቹ ዋናው «ጥሩምባው ሙሉ በሙሉ ቢቀር ይስማማሉ?» የሚል ነበር። አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ዕጣው ጋሽ ፈየራን፣ እሱም ከሠላሳዎቹ አንዱ ሆኖ የወጣውን ቦናን፣ እትዬ ዘነቡንና ሌሎች ሦስት ሰዎችን አንድ ላይ አስቀመጣቸው፤ አወያያቸው የሥራ ባልደረባዬ ኢያቄም ነበር። እኔ ለሁሉም ጠረጴዛ እኩል መዞር ነበረብኝ። አልዋሽም፣ አራተኛው አጠገብ ነው የተተከልኩት።

ጋሽ ፈየራ መቀመጥ አልቻሉም ነበር። ወንበሩን ከጠረጴዛው ራቅ አድርገው በጫፉ ላይ ነው የተንጠለጠሉት። መጀመሪያ ቦና ተናገረ። አባቱ አቶ ቀጄላ ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ለቡ አረፉ። ጥሩምባው አልተሰማም፤ እዚያ ያሉት የእድሩ አባላት የሰሙት ከቀብር በኋላ ነው፤ ከመካኒሳም በዚያ ዝናብ የደረሰ ጥቂት ሰው ነው። ቦና ድምፁን ከፍ አላደረገም። ስምንት ሰዎች ብቻ ነበርን አለ፤ ከቤት እስከ መኪናው፣ ከመኪናው እስከ መቃብሩ ትከሻ ሳንለዋወጥ ተሸከምነው፣ አባቴ ለሃምሳ ሰው ሬሳ ትከሻውን የሰጠ ሰው ነበር አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

እትዬ ዘነቡ ቀጠሉ። ስልካቸው ልጃቸው ጋ እንደሚውል፣ መልእክት ቢመጣም እንደማያነቡት፣ ለእሳቸው ዱላውና ውሻው እንደሚሻሏቸው ተናገሩ። ሌሎቹም ተራ በተራ ተናገሩና ኢያቄም ወደ ጋሽ ፈየራ ዞረ።

ብድግ ብለው ቆሙ። ደረታቸውን ነፉ።

«የተከበራችሁ የእድራችን አባላት!»

ድንኳኑ ተንቀጠቀጠ ብል ማጋነን አይሆንም። አምስቱም ጠረጴዛ ጸጥ አለ፤ ሁለት ሰው ከልማድ ብድግ አለ፤ አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ጀመረች። ለካ ሰውዬው ሃያ ሰባት ዓመት ሰው ፊት ሲናገሩ ሌላ ድምፅ ኖሯቸው አያውቅም። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። እትዬ ዘነቡ ብቻ አልሳቁም፤ ዛሬ በደንብ የሰማሁት ሰው እሱ ብቻ ነው አሉ። ጋሽ ፈየራ ተሸማቀው ተቀመጡ። ከእንግዲህ አይናገሩም ብዬ ሰጋሁ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና በጣም ዝቅ ባለ፣ እኔ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ተናገሩ።

«ቦና፣ ያን ቀን ለቡ አልደረስኩም። ታክሲ አጣሁ፣ ጉልበቴም አሞኝ ነበር። ከመንገዱ መግቢያ ላይ አንዴ ነፍቼ ተመለስኩ። ለሊቀመንበሩ ደርሻለሁ ብዬ ዋሸሁ።»

አቶ አስረስ ከጎረቤት ጠረጴዛ አጠገብ በታዛቢነት ተቀምጠው ነበር። ሲዞሩ አየኋቸው። እኔም አለቀ አልኩ በሆዴ፤ ሰውዬው በገዛ አፋቸው ሥራቸውን አጡ። ቦና ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሄደ። ኢያቄም ሊከተለው ሲል ተወው ብዬ እጄን አወዛወዝኩለት። ጠረጴዛው ላይ የቀሩት ሰዎች ሌላ ወሬ ሳያነሡ ጠበቁት። ቦና ፊቱን በእጁ ጠርጎ ተመለሰና ወንበሩን ወደ ጋሽ ፈየራ አስጠጋ።

«ጉልበትዎ አሁንስ?»

«አሁንም ያመኛል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ጉልበቴ ታመመ ካልኩ ጥሩምባውን ይቀበሉኛል። ጥሩምባውን ከተቀበሉኝ እኔ መዝገብ ላይ የለሁም፤ ማን ይቀብረኛል?»

አንድም ሰው አያውቅም ነበር። እላችኋለሁ፣ በጠረጴዛው ላይ አንድም ሰው ይህን ደንብ አያውቅም ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት የሰውን ስም ሲጠሩ የኖሩት ሰውዬ የራሳቸው ስም መዝገቡ ላይ እንደሌለ ከመካከላቸው ያስተዋለ የለም። እትዬ ዘነቡ በትክክል ያልሰሙ መስሏቸው ሁለት ጊዜ አስደገሙ፤ ሲገባቸው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት በቪዲዮ ብቀርጸው ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሥራ ተጀመረ! ጋሽ ፈየራ ጥሩምባው ከአሁን በኋላ ለቡን እንደማይችለው ራሳቸው ተናገሩ፤ መስኮቱ መስተዋት ነው፣ ሕንፃው ረጅም ነው፣ ቢነፉም የሚከፍት የለም አሉ። ቦና ደግሞ ስልክ የማይደርስባቸው ስንት በሮች እንዳሉ ጠየቃቸው። ጋሽ ፈየራ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው እየቆጠሩ ሰፈሩን በሐሳባቸው ዞሩ፤ አርባ ሦስት አሉ። ቦና ወረቀት ተቀብሎ ስማቸውን መጻፍ ጀመረ። ሰዎቹ ከሌላ ጠረጴዛ መጥተው ከኋላ ይሰሙ ጀመር፤ ደንባችን አይፈቅድም፣ እኔ ግን አላባረርኳቸውም።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ መጠይቆቹን ወደ ኮምፒውተር ሳስገባ፣ ወረቀቶቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። ግን ሁለቱን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር። አንደኛው በመሠረተ ትምህርት ዘመን ትልልቅ ፊደል የተጻፈ ነው። ከውይይቱ በፊት ጥሩምባው ሙሉ በሙሉ ቢቀር በጣም አልስማማም ይላል፤ በኋላ እስማማለሁ። ሁለተኛው ሕንፃ ላይ መለኪያ በሚጽፍ ሰው እጅ የተጻፈ ነው። በፊት በጣም እስማማለሁ ይላል፤ በኋላ አልስማማም። ሁለቱ ሰዎች መንገድ ላይ ተላልፈዋል! ከወንበሬ ዘለልኩ፤ ኢያቄም ፕሪንተሩ የፈነዳ መስሎት ሮጦ መጣ።

መጠይቁ መጨረሻ ላይ «ሐሳብዎን የለወጠው ምንድን ነው?» የሚል ባዶ መስመር አለ። ብዙ ሰው ይዘለዋል። በትልልቆቹ ፊደሎች «የአባቱን ቀብር ነገረኝ» ተብሎ ተጽፏል። በሌላኛው «ጉልበታቸውን ነገሩኝ»። ለተማሪዎች የምናስተምረውን አንድ ሙሉ መጽሐፍ እነዚያ ሁለት መስመሮች ጨረሱት። ለኢያቄም ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

ጠቅላላ ጉባኤው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተጠራ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያይ ነበር። ከሠላሳዎቹ የመጣው ሐሳብ ሦስት ነገር ነበረው። ሞት ስልክ ላለው በመልእክት ይነገር፣ የለቡንም በኩል ቦና ይያዘው። ለአርባ ሦስቱ በሮች ጋሽ ፈየራ ጥሩምባቸውን ይዘው፣ ጉልበታቸው በቻለ መጠን፣ በእግራቸው ይሂዱ። የጥሩምባ ነፊ ስም ደግሞ፣ ያገለገለበት ዘመን ታስቦለት፣ እንደማንም አባል መዝገብ ላይ ይግባ። ያነበበው ቦና ነው። ጋሽ ፈየራ እንደ ልማዳቸው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር፤ ፊታቸውን ለማየት ሞከርኩ፣ ባርኔጣው ከለለብኝ።

አንድ ሰው ተነሥቶ የዋሸ አገልጋይ ይሸለማል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ልናገር ብዬ ብድግ ስል ቦና ቀደመኝ። የተዋሸው በእኔ አባት ቀብር ነው አለ፤ እውነቱን የነገረኝም ያው ሰውዬ ነው፤ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ምን እንደሚያጡ እያወቁ ነገሩኝ አለ። ከዚያ ተቀመጠ። አቶ አስረስ ድምፅ አሰጡ። እጆቹን ለመቁጠር ሦስት ሰው ተመደበ፤ መቁጠሩ ግን አላስፈለገም።

በእኛ እድር ስም የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰው ቀድሞ እንዳይወጣ ተብሎ። አቶ አስረስ ከደብተሬ የታደሰውን መዝገብ ገልጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ በስክሪብቶ አንድ ነገር ጻፉና ለጋሽ ፈየራ ሰጧቸው። ጋሽ ፈየራ ስም መጥራት ጀመሩ። አቤት፣ አቤት፣ አቤት ይላል አዳራሹ። ሦስት መቶ አሥራ አንዱን ጠርተው ገጹን ገለጡና ቆሙ። ረጅም ጊዜ ቆሙ። ሰው ሁሉ ለመውጣት የያዘውን ነጠላና ጃኬት እንደያዘ ጠበቀ። እኔ ልጅ ሆኜ ብርድ ልብስ ውስጥ እንደምጠብቀው ነበር፤ አሁን ግን በጠበቅኩት ስም ልቤ በደስታ ሊወጣ ደርሷል።

ደረታቸውን ነፉ። «ፈየራ ቶሌራ!» አሉ፤ በዚያ በሚታወቀው ድምፅ፣ መስኮቶቹ እስኪንቀጠቀጡ።

ከዚያ መዝገቡን ዝቅ አድርገው፣ በዚያ እሑድ በሰማሁት ትንሽ ድምፅ፣ «አቤት» አሉ።

እትዬ ዘነቡ ስሙን ሰምተው መልሱን አልሰሙም ኖሮ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «ቀረ እንዴ?» ሲሉ ተሰሙ።

«አለ!» አለ አዳራሹ በአንድ ላይ። ጋሽ ፈየራም ከኪሳቸው እርሳስ አውጥተው ከስማቸው ጎን ምልክት አደረጉና በሩ አጠገብ ከነበረው ወንበር ላይ ተቀመጡ።